ለእንግዳ ያልተሠራች ባሕር ዳር

ኢትዮጵያ ባሕር የላትም፤ ውኃ ዳር ቆሞ አድማስ ማየት ያማረው ሰው ሐይቅ ፍለጋ ይነሣል። በሐዲያና በአካባቢዋ ላለው ለፎንቆ፣ ለሆሳዕናና ለዱራሜ ሰው የሚቀናው ሐዋሳ ነው። ሙሽራውም፣ ተማሪውም፣ ለስብሰባ የተጠራው ሠራተኛም ለዓመታት ሲመላለስ የኖረው ወደዚያ ነው። ባሕር ዳር ግን ሩቅ ናት። አዲስ አበባ አድሮ፣ ከጎሐ ጽዮን የዓባይን በረሃ ወርዶ ደጀን ላይ ወጥቶ፣ ከአዲስ አበባ ብቻ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው የሚደረስባት። እንዲህ ብትርቅም የጣና ዳርን ታሪክ ከሥሩ የሚከተል ሰው ሐዲያን ቀድማ እዚያ ያገኛታል። ዝምድናው የመጣው በአንዲት ሴት በኩል ነው።

የዛሬ አስጎብኚ ለእንግዳው የሚዘረዝርለት የታወቀ ነው፤ የደሴት ገዳማት፣ ዘጌ፣ ጥስ ዓባይ ፏፏቴ፣ የአላታ ድልድይ፣ የቤዛዊት ኮረብታ፣ አሁን ደግሞ አዲሱ የዓባይ ድልድይ። የቸኮለ ሰው በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። ይህ ሁሉ የተጠራቀመው ግን በ700 ዓመት ውስጥ ሲሆን፣ አብዛኛውን የሠሩት ሰዎች ጎብኚ የሚባል ፍጡር ይመጣል ብለው አላሰቡም። አንዳንዱ እንዲያውም እንግዳ እንዳይደርስበት ተብሎ የተሠራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የመጡት መነኮሳት ናቸው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተንጣለለ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን፣ ስፋቱ እንጂ ጥልቀቱ ብዙ ያልሆነ ሐይቅ ነው። የአካባቢው ሰው በላዩ 37 ደሴቶችን ይቆጥራል። በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን ከዓለም መሸሽ ለፈለገ ባሕታዊ ከዚህ የተሻለ ቦታ አልነበረም። በዳጋ ደሴት ላይ አባ ሂሩተ አምላክ የእስጢፋኖስን ገዳም መሠረቱ። አባ ዘዮሐንስ ደግሞ ከዛሬዋ ከተማ ቅርብ በሆነችው በክብራን ደሴት የገብርኤልን ገዳም አቆሙ። ከእነርሱም በፊት ጣና ቂርቆስ ታቦተ ጽዮን ያረፈባት ደሴት ናት ተብላ በትውፊት ትከበር ነበር።

ደሴቱ መነኩሴውን ከሰው ለየው፤ ውኃው ደግሞ መጽሐፉን ከእሳትና ከዘራፊ ጠበቀው። እነዚያ ገዳማት ብራና የሚጻፍባቸው ብቻ ሳይሆኑ ብራና የሚደበቅባቸውም ነበሩ። ወደ እነርሱ የሚያደርሰው ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ነበር። ታንኳ በማሰርና ጉማሬ በማደን የሐይቁን ዳር የኖሩበት ነገደ ወይጦ ከሁሉም በላይ ሐይቁን ያውቁታል፤ በአስጎብኚ ወረቀት ላይ ግን ስማቸው እምብዛም አይነሣም። ይህ ቅር ያሰኘኛል። ታንኳው ፎቶ ይነሣል፣ አሳሪው ግን ይረሳል።

ገዳማቱ ሥርዓት አወጡ። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ለሴት ዝግ ሆኑ፤ ዛሬም ዝግ ናቸው። ሴት ጎብኚ ጀልባ ላይ ተቀምጣ ባሏን ወይም ወንድሟን ትጠብቃለች። ይህን ነገር ልብ በሉት፤ ቆየት ብሎ ይመጣል።

መነኮሳቱ ደሴት ላይ ሲሰፍሩ የመሀል አገሩ ነገሥታት ወደ ደቡብ እየገፉ ነበር። ዐምደ ጽዮን በ1309 ዓ.ም. ገደማ ሐዲያ ላይ ዘመተ። አማኖ የተባለው የሐዲያ ንጉሥ ግብር አልከፍልም ብሎ ነበር፤ ተሸነፈ፤ ከሕዝቡም ብዙው ተማርኮ ተወሰደ። የዚያን ጊዜው ሐዲያ ከዛሬው ዞን እጅግ የሰፋ፣ ወደ ምሥራቅ የዘለቀ፣ ገራድ በሚባሉ ገዥዎች የሚተዳደር የእስልምና አገር ነበር። ግብሩና አመፁ ከመቶ ዓመት በላይ ተፈራረቀ።

በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (1426–1460) ነገሩ በጋብቻ ተቋጨ፤ ተቋጨም ሲባል ለጊዜው ነው። የሐዲያው ገራድ የመሐመድ ልጅ ክርስትና ተነሥታ፣ እሌኒ ተብላ የንጉሡ ሚስት ሆነች። በኋላ የገራዱ ልጅ ማሒቆ፣ ማለትም የእሌኒ ወንድም፣ በንጉሡ ላይ አመፀ። የዘርዓ ያዕቆብ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው ማሒቆ ተገደለ፤ በቦታውም አጎቱ ባሞ ተሾመ። ወንድሟን ባሏ ያስገደለባት ሴት በቤተ መንግሥት ምን ሆና እንደ ኖረች ዜና መዋዕሉ አይነግረንም። የሚታየው ግን ቆይታዋ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ ሲሞት ልጁ በእደ ማርያም እንደ እናቱ አከበራት። ከዚያ በኋላ የመጡት ነገሥታትም ምክሯን ይሹ ነበር። በ1500 ዓ.ም. ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሆኖ ሲነግሥ አገር ያስተዳደረችው እሌኒ ናት።

በዚያ የሞግዚትነት ዘመኗ እሌኒ ያደረገችው አንድ ነገር የጣናን ዳርቻ መልክ ቀየረ፤ እርሷ ግን ይህን አላየችም። በቀይ ባሕር ላይ የሙስሊም ኃይሎች ሲበረቱ አይታ፣ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ነጋዴ ደብዳቤ አስይዛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከች። በደብዳቤው መርከብና ጦር እንዲተባበሩ፣ ልጆችም እንዲጋቡ ሐሳብ አቀረበች። ማቴዎስ በሕንድ በኩል ዞሮ በ1506 ዓ.ም. ሊዝበን ደረሰ። መልሱን የያዘው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ምፅዋ የደረሰው በ1512 ዓ.ም. ነው። ከቡድኑ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አገሩን ስድስት ዓመት ዞሮ አይቶ ጻፈ፤ የእሌኒንም ሞት የሰማው እዚሁ ሳለ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ያሠራቻት መርጡለ ማርያም የእርሷ መታሰቢያ ናት። ከባሕር ዳር ጉብኝት ዝርዝር ውስጥ ብዙ ጊዜ የለችም፤ ከዋናው መንገድ ወጣ ትላለችና። ከሐዲያ ለሚሄድ ሰው ግን እኔ ብሆን ከፏፏቴው አስቀድማታለሁ።

የዘርዓ ያዕቆብ አፅም ኋላ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ተወሰደ። ዛሬ በመስተዋት በተሸፈነ ሣጥን ውስጥ፣ ከዐፄ ዳዊት፣ ከዘድንግልና ከፋሲለደስ ጋር ያርፋል። ከፎንቆ የሄደ ወንድ ገብቶ ያየዋል። ከፎንቆ የሄደች ሴት ግን አታይም፤ የእርሷ አገር ልጅ ባል ቢሆንም ደሴቱ ላይ መውረድ አልተፈቀደላትም። እሌኒ ራሷ ዛሬ ብትመጣ ጀልባ ላይ ነበር የምትጠብቀው።

እሌኒ ከሞተች ጥቂት ዓመታት በኋላ የኢማም አሕመድ ጦር አገሩን አጥለቀለቀ። ሐይቁ ከመቼውም በላይ መሸሸጊያ የሆነው ያኔ ነው። ቤተ ክርስቲያን በተቃጠለ ቁጥር ከእሳት የተረፈው መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት በታንኳ ተሻገረ። እሌኒ የጀመረችው ደብዳቤም ፍሬውን ያፈራው ያኔ ነበር። በ1533 ዓ.ም. በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የተመሩ 400 የፖርቱጋል ወታደሮች ገቡ። ዳ ጋማ ራሱ ተገደለ፤ የቀሩት ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው በየካቲት 1535 ዓ.ም. ከጣና በስተ ምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ ተዋጉ፤ ኢማሙም እዚያ ወደቀ። ከጦርነቱ የተረፉት ፖርቱጋሎች አብዛኞቹ አገራቸው አልተመለሱም። እዚሁ አግብተው ወለዱ። ለእነርሱና ለልጆቻቸው ካህን እናቅርብ ብለው የመጡት ኢየሱሳውያን ደግሞ ሌላ ታሪክ ከፈቱ።

ከእነዚያ ካህናት እጅግ ብልሁ ፔድሮ ፓኤዝ ነበር። ስፔናዊ ነው፤ ቀደም ሲል ለመግባት ሲሞክር ተይዞ በየመን ለዓመታት በእስር ማቅቋል። በ1595 ዓ.ም. ገብቶ ግዕዝና አማርኛ ተማረ፤ ዐፄ ሱስንዮስንም ቀረበው። በ1610 ዓ.ም. ንጉሡን ተከትሎ ሲዘምት ግሽ ዓባይ ላይ ምንጩን አየ፤ ያየውንም ጻፈ። ፓኤዝ ግንበኛም ነበር። በጎርጎራ ለንጉሡ ግንብ አሠራ። በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ቅጥር ውስጥ ያለው ባለ ሁለት ፎቅ የድንጋይ ቤትም የእርሱ ነው ይባላል። ያኔ ከተማዋ ራሷ ባሕር ጊዮርጊስ የምትባል በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለች መንደር ነበረች። ብዙ ጎብኚ ለጀልባ ሲጣደፍ ይህን ቤት ሳያይ ያልፋል፤ ከተማ መሀል ስለሆነ ይሆናል። ሩቅ ያለ ነገር ነው የሚከበረው።

በኖራ የተገነባው የአላታ ድልድይ ከፓኤዝ ሞት በኋላ፣ በ1618 ዓ.ም. አካባቢ በሱስንዮስ ትእዛዝ ተሠራ። ዓባይ ከፏፏቴው ወርዶ በጠባብ የድንጋይ ሸለቆ በሚጠብበት ቦታ ላይ ነው። በዓባይ ላይ የተሠራ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ ይሄ ነው ይባላል። የተሠራውም ለውበት ሳይሆን ሠራዊትና ስንቅ ክረምት ከበጋ ከጎጃም ወደ በጌምድር እንዲሻገር ነበር። እስከ ዛሬ ሰውና አህያ ይሻገርበታል። ወደ ፏፏቴው መመልከቻ የሚወጣ ጎብኚም በእርሱ ላይ ይራመዳል፤ ከበታቹ ያለውን ውኃ ፎቶ እያነሣ ድልድዩን ራሱን ሳያስተውል ያልፋል።

ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ማወጁ አገሩን ደም አፋሰሰ። በ1624 ዓ.ም. የአባቶችን ሃይማኖት መልሶ ሥልጣኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን አባርሮ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መሠረተ። ጎንደር ስትበለጽግ የጣና ደሴቶች የቤተ መንግሥቱ ጓሮ ሆኑ። ለመመንኮስም፣ ለመቀበርም ወደዚያ ይኬድ ነበር።

ከዚያ ዘመን ቅርስ ሁሉ ውቡ የናርጋ ሥላሴ ነው። በደቅ ደሴት ላይ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት። የመቅደሱ ግድግዳ ሙሉ ሥዕል ነው። በአንዱ ሥዕል ላይ እቴጌዋ ራሷ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ትታያለች። ከባሕር ዳር በጀልባ ሰዓታት ስለሚፈጅ ብዙ ሰው አይደርስበትም። አብዛኛው በቅርብ ባለው በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይወሰናል። ይህም አያስከፋም፤ የዑራ ሥዕሎችም ክብ በሆነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በመቅደሱ ዙሪያ ሁሉ የተዘረጉ ናቸው። በውስጡም ቅዱሳንና ነገሥታት፣ አጋንንትም ሳይቀሩ፣ በደማቅ ቀለም ይታያሉ።

ዘጌ ለእኛ አገር ሰው ሌላም ስሜት ይሰጣል። ልሳነ ምድሩ ቡና የሚበቅልበት ደን ነው። ትውፊቱ ቡናውን ከገዳሙ መሥራች ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል። በገዳሙ ሥርዓት እዚያ ማረስም ከብት ማርባትም የተከለከለ ነው። ደኑን ያቆየው ይህ ክልከላ ነው። ማረስ የተከለከለበት መሬት ላይ የሚኖር ሰው በቡናና በፍራፍሬ ይተዳደራል። እንሰትና ቡና ከጓሮው ለለመደ የሐዲያ ገበሬ ይህ ኑሮ ለመገመት አይከብድም፤ ከብት አይርባ የሚለው ግን ይገርመው ይሆናል።

በ1762 ዓ.ም. ጀምስ ብሩስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ጎንደር ደረሰ። በምንትዋብ ቤት የፈንጣጣ ሕሙማንን አከመ። በዚያው ዓመት ጥስ ዓባይን አየ፤ በ1763 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ደግሞ ግሽ ዓባይ ደርሶ ምንጩን አየ፤ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ብሎም ተኩራራ። ፓኤዝ 150 ዓመት ቀድሞት እንደነበር ሲነገረው የፓኤዝን ምስክርነት አጣጥሎ ጻፈ። ለመሬቱ ገበሬ ሁለቱም እኩል እንግዳ ነበሩ። ይሁንና የብሩስ መጽሐፍ በለንደን ተነበበ፤ ከዚያም ወዲህ ወደ ጣና የሚመጣ ፈረንጅ ሁሉ በእርሱ መንገድ ነው የሚመጣው። ጉብኝት የሚባል ነገር በዚህ ሐይቅ ዳር ከተወለደ የተወለደው ያኔ ነው፤ ምንም እንኳ ብሩስ ራሱን ጎብኚ ባይለውም።

በ19ኛው መቶ ዘመን መንደሯ መንደር እንደሆነች ቆየች። በውኃው የሚጎመጁት ግን በዙ። እንግሊዞች ግብፅን ከያዙ በኋላ የዓባይ ውኃ ለጥጥ እርሻቸው አስፈለጋቸው። በ1894 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ ጋር በተፈራረሙት ውል ያለ እነርሱ ስምምነት ዓባይን ወይም ጣናን የሚገድብ ሥራ እንዳይሠራ አስገቡ። ከዚያ በኋላም ጣና ላይ ግድብ እንሥራ ብለው ለዓመታት ተከራከሩ። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን ከ1910ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሐይቁን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ ካርታ አነሣ። መጽሐፉ ለውኃ ፖለቲካ የተጻፈ ቢሆንም ስለ ደሴቶቹ የያዘው ዝርዝር ለጎብኚ የተጻፈ ነው የሚያሰኝ ነው። አንድ የአሜሪካ ድርጅትም በ1920ዎቹ መጀመሪያ ለግድብ የሚሆን ጥናት አካሄደ። ግድቡ ግን አልተሠራም፤ ጣሊያን ቀደመ።

ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. ሲገቡ ባሕር ዳርን ለሹማቸውና ለጦራቸው መቀመጫ አደረጓት። መንገድና መርከብ ማቆሚያ ሠሩ፤ ሐይቁን ከጎርጎራ ጋር በጀልባ አገናኙ። አምስት ዓመት ቆይተው ወጡ። ከዚያ በኋላ የቀረው ክፍል በፍጥነት የሚነገር ነው፤ ምክንያቱም ከተማዋ ከተማ የሆነችው በአንዲት አሥር ዓመት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ባሕር ዳርን ወደዷት። ዋና ከተማውን ወደዚያ ለማዛወር አስበው እንደነበር ይነገራል። ባይሆንም በ1950ዎቹ የተሠራው ሥራ ለዋና ከተማ የሚበቃ ነበር። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ገንዘብ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ቆመ። ሶቪየት ኅብረት የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤቱን በ1955 ዓ.ም. ሠራች። ማክስ ጉተር የተባለ ጀርመናዊ የከተማ ፕላን ባለሙያ ማስተር ፕላኑን አወጣ። ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች፣ ወደ ሐይቁ የሚከፈተው የከተማው ፊት፣ ዛሬ እንግዳ የሚያደንቀው ንጽሕና ሁሉ ከዚያ ፕላን የመጣ ነው። በዓባይ ወንዝ መውጫ አጠገብ ያለው የቤዛዊት ቤተ መንግሥትም የዚያው ዘመን ነው። ንጉሡ ብዙ አልኖሩበትም። ኮረብታው ግን የከተማው ሰው ፀሐይ ስትጠልቅ የሚወጣበት መመልከቻ ሆኖ ቀረ። ለአንድ ሰው ተመርጦ የታጠረ ቦታ በኋላ ለሁሉም ሆነ።

ጉማሬና ታንኳ ብቻ የሚያውቀው ሐይቅ በዚያ ዘመን ስሙ በዓለም ተሰማ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል መርከብ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ ነበር የሚል ሐሳብ ነበረው። በ1961 ዓ.ም. የሠራት ራ የተባለች መርከብ ደንገሏ የተቆረጠው ከጣና ነው፤ ያሰሯት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ነበሩ። መርከቧ ሳትደርስ ፈረሰች። በማግሥቱ ዓመት የተሠራችው ሁለተኛዋ ባርቤዶስ ደረሰች።

እጅግ ክብደት ያለው የ1950ዎቹ ሥራ ግን ከከተማው ወደ 30 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ጥስ ዓባይ ላይ ነበር። ፋብሪካው መብራት ፈለገ። በ1956 ዓ.ም. ፏፏቴው ጎን 11.4 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ተተከለ። ለዚህ የሚበቃውን ውኃ ፏፏቴው ሳይጎዳ ሰጠ፤ ክረምት ላይ እስከ 400 ሜትር የሚሰፋ፣ ከ40 ሜትር ገደማ የሚወረወር ውኃ ነበርና የተቀነሰው አልታወቀውም።

ደርግ መጣ። ዘመኑ የጦርነት ስለነበር ጎብኚው ሳሳ፤ ጣና ሆቴልና ግዮን ሆቴል ግን ቀጠሉ። ደርግ ለፏፏቴው ያደረገለትም አለ። በ1969 ዓ.ም. በወጣው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ጥስ ዓባይ ታተመ። ፎንቆ ገበያ ላይ ጨው የገዛ ሁሉ፣ ባሕር ዳርን ከቶ ሳያይ፣ ፏፏቴውን በእጁ ይዞ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ፏፏቴውን ለዚህ ያህል ሕዝብ ያሳየ የለም። ኖቱ ሲያረጅ ፏፏቴው ከጫፉ ይደበዝዝ ነበር።

በእውነትም ደበዘዘ፤ ይህ የሆነው ግን በኢሕአዴግ ዘመን ነው። ባሕር ዳር የአማራ ክልል ርእሰ ከተማ ሆና በፍጥነት ሰፋች። መብራት ፈላጊው በዛ። በ1988 ዓ.ም. ሐይቁ ወደ ዓባይ በሚወጣበት ጫራ ጫራ ላይ ውኃውን የሚመጥን ግድብ ተሠራ። በ1993 ዓ.ም. ጥስ ዓባይ ሁለት የተባለው 73 ሜጋ ዋት ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ከፏፏቴው በላይ ያለው ውኃ በቦይ ወደ ተርባይኑ ተቀለበሰ። ከዚያ በኋላ በበጋ የሄደ ሰው በሰፊው ገደል ላይ ቀጭን ውኃ ሲንጠለጠል አየ። ብዙ ጎብኚ ተናደደ፤ አስጎብኚዎችም ተቸገሩ።

እኔ ግን ከንዴታቸው ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። 73 ሜጋ ዋት ማለት በዚያን ጊዜ ለአገሪቱ ትልቅ ነገር ነበር፤ የገጠር ከተሞች ሌሊት በጨለማ በሚዋጡበት ዘመን ፏፏቴ እንዲወርድ ተብሎ ብርሃን ይቅር ማለት ለጎብኚው ይቀላል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የበለስ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት ይዞ ተመረቀ። ውኃውን ከሐይቁ በስተ ምዕራብ በኩል ወስዶ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ያሻግራል። የዓባይ መውጫ የሚተወው ውኃ በዚህ ምክንያት እንደገና የሚከፋፈል ሆነ። ጥስ ዓባይን በሙሉ ግርማው ማየት የሚፈልግ ሰው አሁን መሄድ ያለበት ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። ይህን ሳይነግረው በመጋቢት የሚወስደው አስጎብኚ ካለ ጥፋቱ የአስጎብኚው ነው።

ባሕር ዳር በ1994 ዓ.ም. የዩኔስኮን የከተሞች የሰላም ሽልማት ተቀበለች፤ ምክንያቱም ፈጥና የምታድግ ከተማ ሆና ሳለ ሥርዓት መያዟ ነው። በ2007 ዓ.ም. ሐይቁና አካባቢው የዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዘገበ። በሐይቁ ውስጥ ብቻ የሚገኙ የዓሣ ዝርያዎች፣ በዳሩ የሚያርፉ አእዋፍ፣ የደንገሉ ጥሻ ሁሉ በዚህ ምዝገባ ውስጥ ይቆጠራሉ። ምዝገባው በመጣበት ወቅት ግን ጠላት ቀድሞ ገብቶ ነበር። እንቦጭ የተባለው አረም ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በደንቢያና በፎገራ ዳርቻ፣ ውኃውን ሸፈነው። ገበሬው በእጁ ነቀለ፤ ተማሪው ከየከተማው በዘመቻ ሄደ፤ ማሽንም መጣ። በባሕር ዳር በኩል አረሙ ያን ያህል ስለማይታይ ጎብኚው ችግሩ ያለቀ ይመስለዋል። በጀልባው ወደ ሰሜን ቢሄድ ግን ያየው ነበር።

ከዚያ የመጡት ዓመታት ለቱሪዝም አስቸጋሪ ሆኑ። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጀመረ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ውስጥ የተነሣው ግጭት መንገዱን አስጊ አደረገው። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መካከል በየብስ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ሁኔታውን ጠይቆ ነው የሚነሣው። ሐይቁ ዳር ያሉ ሪዞርቶችና ጀልባ ነጂዎች የአገር ውስጥ እንግዳን ይበልጥ ማሰብ ጀመሩ፤ ቅዳሜና እሑድ ዳር ላይ ዓሣ የሚበላው ባብዛኛው የከተማው ሰው ነው። ጣና ላይ ለመዘዋወር የሚመጡ የውጭ ሰዎች ቁጥር ቀንሷል።

በዚህ ሁሉ መካከል በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ነው። በኬብል የተደገፈ ነው፤ ከመኪናው መንገድ ሌላ የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ አለው፤ ሌሊትም በመብራት ይደምቃል። ለብዙ ዓመታት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን ትራፊክ የተሸከመው አሮጌው ጠባብ ድልድይ ከጎኑ አለ። ሱስንዮስ አላታን ያሠራው ሠራዊቱ እንዲሻገር ነበር፤ ምንትዋብ ናርጋን የሠራችው ለነፍሷ፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤዛዊትን የሠሩት ለማረፊያቸው። ይህ ድልድይ ግን መኪና እንዲያሳልፍም፣ ሰው ቆሞ እንዲያየውም ተብሎ ነው የተሠራው። ባሕር ዳር ውስጥ ከገዳማቱ ጀምሮ ብንቆጥር ለመታየትም ጭምር ታስቦ የቆመ ትልቅ ሥራ ይህ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ድልድዩ በተመረቀ ሰሞን የከተማው ሰው መሽቶ ሲወጣ ሙሽሮች፣ ተማሪዎችና በቆሎ ሻጮች የእግረኛውን መንገድ ሞሉት፤ ፎቶ አንሺዎቹም ገበያቸውን ከሐይቁ ዳር ወደዚያ አዛወሩ።